እጅ ያለው ሰሌዳ

አሜሪካ ቆየት ያለ ሐበሻ ክሬግስሊስትን ሳያውቅ አይቀርም። ቤዝመንት የምንፈልገው እዚያ ነበር። ያገለገለች ኮሮላ፣ ፍራሽ፣ የሌሊት ሥራ፣ ሁሉም እዚያ ነው። ገጹ ውበት የሚባል ነገር የለውም። ነጭ ላይ ሰማያዊ ጽሑፍ፣ በቃ። ከኪራዩና ከመኪናው ጎን ግን ሌላ ክፍል ነበረው። አንዳንዴ በፈቃዷ ራሷን የምታስተዋውቅ ሴት፣ አንዳንዴ ደግሞ ሌላ ሰው የሚያስተዋውቃት ልጅ የሚወጡበት ክፍል። ከውጭ ለሚያይ ሁለቱ ማስታወቂያዎች አይለዩም። የዚህ ሁሉ ጣጣ መነሻም ይኸው ነው።

ዛሬ የምጽፈው ስለዚያ ክፍልና እሱ ሲዘጋ ቦታውን ስለወረሰው ባክፔጅ ስለሚባል ድረ ገጽ ነው። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም። ቨርጂኒያ ውስጥ ሀይዌይ ዳር ያለ ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ላይ በሌሊት ሺፍት የምሠራ ሰው ነኝ። ሥራው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ ጭር ስለሚል ማንበቢያ ጊዜ አለኝ። ባክፔጅ ላይ የተሰጡ ውሳኔዎችን ያነበብኩት እዚያ ወንበር ላይ ነው። ቀኖቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ትቻቸዋለሁ።

ታሪኩ የሚጀምረው ከጋዜጣ ነው። ማይክል ሌሲና ጂም ላርኪን አሪዞና፣ ፊኒክስ ውስጥ በነፃ የሚታደል ሳምንታዊ ጋዜጣ ነበራቸው። ከቬትናም ጦርነት ዘመን ተቃውሞ የወጣ፣ ባለሥልጣን የማይፈራ ጋዜጣ ነው። ቀስ በቀስ በየከተማው ያሉ መሰሎቹን እየገዙ ትልቅ ሰንሰለት ሆኑ። ነፃ ጋዜጣ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው፤ ዋናው ገቢ ደግሞ መጨረሻ ገጽ ላይ የሚደረደሩት ጥቃቅን ማስታወቂያዎች ነበሩ። የሚከራይ ክፍል፣ የሚሸጥ ጊታር፣ ማሳጅ። ክሬግስሊስት መጣና ይህንን ገቢ በላባቸው። በነፃ ከሚለጥፍ ጋር ምን ብለህ ትወዳደራለህ? 2004 ላይ የራሳቸውን ድረ ገጽ ከፈቱና በዚያው በጋዜጣው ኋላ ገጽ ስም ጠሩት፤ ባክፔጅ።

መጀመሪያ ላይ ባክፔጅ ትንሽ ነገር ነበር። ትልቁ ክሬግስሊስት ነው። የየግዛቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጎች ሲጨቀጭቁት ክሬግስሊስት የወሲብ አገልግሎት ክፍሉን ስም ቀየረ፣ ክፍያ ጣለበት፣ ማስታወቂያዎቹንም ከመውጣታቸው በፊት ሰው እንዲመረምራቸው አደረገ። የቺካጎው ሸሪፍ ቶም ዳርት 2009 ላይ ከሰሰውና ተሸነፈ። ጩኸቱ ግን አልቆመም። በሴፕቴምበር 2010 ክሬግስሊስት ክፍሉን አሜሪካ ውስጥ ዘጋው፤ ለጥቂት ቀናትም በቦታው «ሳንሱር ተደርጓል» የሚል ጥቁር ሰሌዳ ሰቀለበት። ኩርፊያ ነገር ነው። ማስታወቂያዎቹስ ጠፉ? የት ይጠፋሉ! ሰፈር ቀየሩ። ሴኔቱ በኋላ ባወጣው ሪፖርት መሠረት የባክፔጅ ገቢ በ2008 ከነበረበት 5 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ በ2014 ወደ 135 ሚሊዮን ደርሷል።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ገንዘብ ሲሰበሰብ ለምን ዝም ተባለ? ዝም አልተባለም። የተከሰሰበትን ጊዜ መቁጠር ያደክማል። ግን አንድ አንቀጽ ነበረች፣ ሁልጊዜ የምታድነው። ክፍል 230 ይሏታል።

የዚህችን አንቀጽ ታሪክ ሳልናገር ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ፤ ምክንያቱም ክፉ ሕግ አይደለችም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ላይ ኮምፑሰርቭና ፕሮዲጂ የሚባሉ ሁለት የመገናኛ አገልግሎቶች ነበሩ። ደንበኞች ይጽፉባቸዋል። ኮምፑሰርቭ ማንም የሚጽፈውን አያይም፣ አይነካም። ፕሮዲጂ ግን ስድብና ብልግና ያጠፋል። ሁለቱም በስም ማጥፋት ተከሰሱ። በ1991 ፍርድ ቤቱ ኮምፑሰርቭን ለቀቀው፤ አላየህምና አትጠየቅም ብሎ። በ1995 ግን የኒውዮርክ ዳኛ ፕሮዲጂን እንደ አሳታሚ ቆጠረው፤ እያየህ የምታጠፋ ከሆነ ላላጠፋኸውም ትጠየቃለህ ብሎ። ቤቱን የጠረገው ተቀጣ፣ ቆሻሻውን የተወው አመለጠ ማለት ነው። ክሪስ ኮክስና ሮን ዋይደን የተባሉ ሁለት የምክር ቤት አባላት ይህንን አይተው በ1996 አንቀጿን አስገቡ። ዋናው ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 26 ቃል ነው። ፍሬ ሐሳቡ፦ ሌላ ሰው ለጻፈው ነገር ድረ ገጹ እንደ አሳታሚ ወይም እንደ ተናጋሪ አይቆጠርም። ጎኑ ላይ ሌላ ሐሳብም አለ፤ በቅን ልቦና መጥፎ ነገር ስላጠፋህ አትጠየቅም የሚል።

ሐሳቡ ገብቶኛል። ያለዚህች አንቀጽ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ አስተያየት የሚቀበል ገጽ ባልኖረ ነበር። የማኅበር ገጽ፣ የዕድር ግሩፕ፣ የሬስቶራንት ግምገማ፣ ሁሉም ጠበቃ ይፈልግ ነበር። በደንብ አስቡት፤ አንድ ሰው መጥቶ ሌላውን ቢሳደብ ካሳውን የሚከፍለው ገጹን የከፈተው ምስኪን ነው።

ግን አንቀጿ የታሰበችው ለጠራጊው ነበር። ባክፔጅ መጥረጊያውን ለሌላ ሥራ ተጠቀመበት።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። የሴኔቱ የምርመራ ንዑስ ኮሚቴ፣ ሮብ ፖርትማንና ክሌር ማካስኪል የመሩት፣ ከባክፔጅ ሰነድ ጠየቀ። ኩባንያው እምቢ አለ። ሴኔቱ በማርች 2016 በ96 ለ0 ድምፅ ፍርድ ቤት ያስገድደው ብሎ ወሰነ። ሰነዱ ተገኘ። ሪፖርቱ በጃንዋሪ 2017 ወጣ። እኔ የሌሊት ሻይዬን ይዤ ያነበብኩት ይህንን ነው፤ ሻዩ ቀዝቅዞ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ አቃጣሪ ማስታወቂያ ይጽፋል። ማስታወቂያው ውስጥ «ትንሽ ልጅ»፣ «ቲንኤጀር»፣ «ተማሪ»፣ «ሎሊታ» የሚሉ ቃላት አሉ። ጤነኛ ሰው ምን ያደርጋል? ማስታወቂያውን አያወጣም፣ ፖሊስ ይጠራል። የባክፔጅ ማጣሪያ ግን ቃሏን ብቻ መንጥቆ ይጥልና የቀረውን ይለጥፋል። ሰው እንኳ አይነካውም፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ነው የሚሠራው። ከዝርዝሩ ውስጥ የጠፉ ሕፃናት ሲፈለጉ ስልክ ላይ የሚጮኸው የአምበር አለርት ስም ጭምር ነበረበት። ልብ በሉ፤ ይሄ ቃል ማስታወቂያ ውስጥ ምን ይሠራል? የሚገባው ደንበኛ እንዲገባው የተጻፈ ነው። ቃሉ ሲጠፋ ልጅቷ አልጠፋችም። ማስታወቂያው ላይ አለች፣ ስልኩ አለ፣ ከተማው አለ። የጠፋው ማስረጃው ብቻ ነው።

ዕድሜ ሲሞላም እንዲሁ። ከ18 በታች ቁጥር ያስገባ ሰው ይቅርታ፣ ከ18 በላይ መሆን አለበት የሚል መልእክት ይመጣለታል። ከዚያ ቁጥሩን ቀይሮ መቀጠል ነው። 17 ብሎ የጻፈው ሰው ከደቂቃ በኋላ 19 ብሎ ሲጽፍ ድረ ገጹ አምኖ ይቀበለዋል። ሊኳንዳ ቤት በር ላይ እንኳ እንዲህ ዓይነት ዕቃ ተቀባይ የለም።

የእኛን አገር ደላላ አስቡት። አንድ ደላላ ቤት አሳየህ፣ ቤቱ የተሰረቀ ካርታ ያለው ሆኖ ተገኘ። ደላላው «እኔ ሻጭና ገዢ አገናኘሁ እንጂ ምን አገባኝ» ቢል ልታዝንለት ትችላለህ። ካርታው ላይ ያለውን የሌላ ሰው ስም በቢላ ፍቆ ያሳየህ ራሱ ከሆነ ግን «አገናኘሁ እንጂ» የሚለው ነገር አብቅቷል። ለእኔ የጉዳዩ ሁሉ ቁልፍ ይኸው ነው። ሰሌዳ አይጠየቅም፤ ሰሌዳው እጅ ካወጣ ግን እጁ ይጠየቃል።

የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች እዚህ ላይ አልተስማሙም። ማሳቹሴትስና ሮድ አይላንድ ውስጥ የተሸጡ ሦስት ሴቶች፣ መሸጣቸው ሲጀመር ገና 15 ዓመታቸው የነበረ፣ ባክፔጅን ከሰሱ። ክሳቸው ብልህ ነበር። ማስታወቂያውን አወጣህ አላሉትም። አሠራርህን ለአቃጣሪ እንዲመች አድርገህ ቀረጽከው አሉት። ስልክ አታረጋግጥም፣ ማንነቱ በማይታወቅ ገንዘብ ትቀበላለህ፣ ፎቶው የትና መቼ እንደተነሣ የሚናገረውን የተደበቀ መረጃ ትፍቃለህ። የቦስተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በማርች 2016 ክሱን ውድቅ አደረገ። እነዚህ ሁሉ የአሳታሚ ውሳኔዎች ናቸው፣ አንቀጿ ትሸፍናቸዋለች አለ። ይህ ክፋት አይበዛም ወይ የምትሉ ከሆነ ወደ ሕግ አውጪው ሂዱ ብሎም ጨመረበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም ጉዳዩን አላይም አለ።

የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን ከዚያ ስድስት ወር ቀድሞ፣ በሴፕቴምበር 2015፣ ተመሳሳይ ክስ እንዲቀጥል በ6 ለ3 ፈቅዶ ነበር። ድረ ገጹ ይዘቱን በመሥራት እጁ አለበት የሚለው አቤቱታ ይሰማ ነው ያለው። እኔ ብጠየቅ ከዋሽንግተን ግዛት ዳኞች ጋር ነኝ። የቦስተኖቹ ዳኞች ጨካኞች ስለሆኑ አይደለም፤ ውሳኔያቸውን ያነበበ ሰው እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እንደጻፉት ይረዳል። ግን ፎቶ ላይ ያለውን ማስረጃ መፋቅ እንዴት «ማሳተም» ይባላል?

አሁን ወደ ሆቴሌ ልመልሳችሁ።

እኛ በየዓመቱ ሥልጠና አለብን። ቪዲዮ ነው፤ ግማሹ ሰው ስልኩን እያየ ያሳልፈዋል። ቪዲዮው ምልክቶቹን ይዘረዝራል። ክፍሉን በካሽ የሚከፍልና በየቀኑ አንድ ሌሊት የሚጨምር። ሻንጣ የሌላት ልጅ። መታወቂያዋን ሌላ ሰው የያዘባት። ስሟን ስትጠየቅ እሱ የሚመልስላት። ክፍሉን እንዳይጸዳ ቀናት ሙሉ የሚከለክል፣ ግን ፎጣ በፎጣ ላይ የሚጠይቅ። መጨረሻ ላይ ይፈረማል። ፊርማው ለምን እንደሆነ ማናጀሩ አይደብቅም። በ2008 የተሻሻለው የፌዴራሉ የሰዎች ዝውውር ሕግ ተጎጂዋ ከነጋዴው በላይ እንድትከስ ይፈቅድላታል። ከንግዱ የተጠቀመና ያወቀ ወይም ማወቅ የነበረበት ሁሉ ይከሰሳል። በዚህ ሕግ የሆቴል ሰንሰለቶች ላይ የሚቀርበው ክስ ከ2019 ወዲህ ጎርፏል። «ማወቅ የነበረበት» የምትለዋ ናት ሆቴሎችን ያስደነገጠችው። አላየሁም አልሰማሁም አያዋጣም።

አንድ ሌሊት ሲቪል የለበሰ መርማሪ መጣ። መታወቂያውን አሳየኝና ስልኩን ዴስኩ ላይ አስቀመጠ። የማስታወቂያ ፎቶ ነው፤ ፊቷ የተቆረጠ ልጅ አልጋ ላይ ተቀምጣለች። እሱ የሚጠይቀኝ ስለ ልጅቷ አልነበረም። ከአልጋው ራስጌ በላይ ያለውን ሥዕል ነው የጠቆመኝ፤ ሁለት ቢጫ ጀልባዎች። ያ ሥዕል እኛ ጋ በሁሉም ክፍል አለ። ከጎኑ ያለው መብራትም የእኛው ነው፤ ማጥፊያው የጠፋበትና ጥቁር ፕላስተር የተለጠፈበት። የቤት አያያዝ ክፍል ውስጥ የሚሠሩትን እትዬን ጠራኋቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው አዩና መነጽራቸውን ፈልገው አደረጉ፤ «ፕላስተሩን እኔ ነኝ የለጠፍኩት፤ ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው» አሉ።

መርማሪው ልጅቷን አገኛት አላገኛት አልነገረንም፤ እነሱ አይናገሩም። ቆይቼ ሳነብ ግን የመርማሪው ዘዴ የታወቀ ሆኖ አገኘሁት። ሴንት ሉዊስ ውስጥ ተመራማሪዎች ትራፊክካም የሚባል መተግበሪያ በ2016 አውጥተዋል። መንገደኛ ሰው ያረፈበትን ክፍል ፎቶ ያነሣና ይልካል። መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ የአልጋ ራስጌው ይመዘገባል። ከማስታወቂያ ፎቶዎች ጋር ይነጻጸራል። ሆቴል ስታርፉ ሻንጣችሁን ከማስገባታችሁ በፊት አራት ፎቶ አንሡ፣ ምንም አይጎዳችሁም።

የከነከነኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መብራቱ ላይ ፕላስተር የለጠፉት እትዬ፣ እንግሊዝኛ በቅጡ የማይናገሩ ሴት፣ «ማወቅ ነበረብሽ» ሊባሉ ይችላሉ። እኔም እንዲሁ። ከዚያች ፎቶ ገንዘብ የተቀበለው፣ ቃላቱን የፋቀው፣ የፎቶውን ምስጢር ያጠፋው ኩባንያ ግን ለዓመታት በ26 ቃል ጥላ ሥር ተቀምጧል። ሚዛኑ የት አለ?

ባክፔጅ የወደቀው እንዴት ነው ብትሉኝ፣ ብዙ ሰው ከሚያስበው በተለየ መንገድ ነው። ሸሪፍ ዳርት በ2015 ለቪዛና ለማስተርካርድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሁለቱም ከባክፔጅ ወጡ። ደስ የሚል ይመስላል። ግን የቺካጎው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ ዳኛ ፖዝነር፣ ዳርትን ገሠጸው። ባለሥልጣን ፍርድ ቤት ሳይሄድ በደብዳቤ አስፈራርቶ የሰውን አፍ መዝጋት አይችልም አለ። እንደ ኢትዮጵያዊ እዚህ ላይ ከዳኛው ጋር ነኝ፤ ያለ ትእዛዝ የሚዘጋ ነገር የት እንደሚያደርስ የምናውቅ ሰዎች ነን። ካሊፎርኒያም በ2016 የኩባንያውን ሥራ አስኪያጅ ካርል ፌረርን አሰረችው፤ ዳኛው የማቃጠር ክሱን በአንቀጿ ምክንያት ጣለው።

ከዚያ ኮንግረሱ ተነሣ። ቺካጎ አጠገብ በ2016 የገና ዋዜማ የ16 ዓመት ልጇ የተገደለችባት እናት ሴኔት ፊት ቀርባ ስትመሰክር ያየ ሰው ድምፁን መከልከል ይከብደዋል። ፎስታ የሚባለው፣ በሰው መነገድንና የወሲብ ንግድን የሚያመቻች ድረ ገጽ በክፍል 230 እንዳይሸሸግ የወጣው ሕግ በማርች 2018 ሴኔቱን 97 ለ2 አለፈ። ከተቃወሙት ሁለት ሰዎች አንዱ ሮን ዋይደን ነው፤ የመጀመሪያዋን አንቀጽ ካረቀቁት አንዱ። ፕሬዚዳንት ትራምፕ ኤፕሪል 11 ቀን ፈረሙበት።

አሁን ቀኑን ልብ በሉ። ባክፔጅ በኤፍቢአይ የተያዘውና የተዘጋው ኤፕሪል 6 ቀን ነው። ሕጉ ከመፈረሙ አምስት ቀን በፊት! ያወረደው በ1961 የወጣው፣ ለማፊያ ተብሎ የተጻፈው፣ ከግዛት ግዛት ተሻግሮ ሕገወጥ ንግድ ማካሄድን የሚከለክለው የጉዞ ሕግ ነው፤ ክፍል 230 የፌዴራል የወንጀል ክስን አታግድም። እሱና ሕገወጥ ገንዘብን ሕጋዊ አስመስሎ የማቅረብ ወንጀል። ፌረር ጥፋቱን አመነና ምስክር ሆነ። በዚህ የፌዴራል መዝገብ ማንም ሰው በሰው መነገድ ወንጀል አልተከሰሰም። ይህም በፍርድ ቤቱ ዋጋ አስከፍሏል። በ2021 የመጀመሪያው ችሎት የፈረሰው ዐቃቤ ሕጎቹና ምስክሮቻቸው ክስ ሳይኖር ስለ ሕፃናት ደጋግመው በማንሣታቸው ነው። ላርኪን በ2023 ሁለተኛው ችሎት ሊጀመር አንድ ሳምንት ሲቀረው ራሱን አጠፋ። ሌሲ ላይ ጁሪው በአብዛኞቹ ክሶች መስማማት አቃተው፤ በአንድ ገንዘብ የመደበቅ ወንጀል ብቻ ጥፋተኛ ተባለና በኦገስት 2024 አምስት ዓመት ተፈረደበት። ሁለት የገንዘብና የሥራ ኃላፊዎች አሥር አሥር ዓመት አገኙ።

ፎስታስ ምን ሠራ? ክሬግስሊስት ሴኔቱ ሕጉን ባሳለፈ በሁለት ቀን ውስጥ የትዳርና የጓደኛ ፍለጋ ክፍሉን ጭምር ዘጋ። ማን ይጋፈጣል? የመንግሥት ኦዲት መሥሪያ ቤቱ በ2021 እንዳለው አዲሱ የወንጀል ድንጋጌ እስከዚያ ድረስ ሥራ ላይ የዋለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማስታወቂያዎቹ ወደ ውጭ አገር ሰርቨሮች ሄዱ፣ መርማሪዎች ማስረጃ ማግኘት ከበደባቸው። ባክፔጅ ቢያንስ መጥሪያ ሲደርሰው ይመልስ ነበር። በወሲብ ንግድ የሚተዳደሩ ሴቶችም የሚሉት አለ። ደንበኛ አስቀድሞ ማጣራት፣ እርስ በርስ ስለ ክፉ ሰው መጠቋቆም ይቻል ነበር፤ ያ ተወሰደብን፣ ወደ መንገድ ተመለስን ይላሉ። ይህንን የሚሉት አቃጣሪዎች አይደሉም። እኔ ፎስታን ያወጡትን ሰዎች ልብ አልጠራጠርም። ግን ሕጉ የመታው ቃሉን ነው፤ እጁን ለመምታት ግን የ1961ዱ ሕግ በቅቶ ነበር።

ደግሞም ፍርድ ቤቶቹ ቀስ እያሉ እጁን ማየት ጀምረዋል። የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2021 ፌስቡክ በግዛቱ የሰዎች ዝውውር ሕግ ሊከሰስ ይችላል አለ። የቺካጎው ይግባኝ ሰሚ በ2023 ደግሞ ለባክፔጅ የደንበኛ አያያዝ ሶፍትዌር የሸጠው ሴልስፎርስ ላይ የቀረበው ክስ ይቀጥል አለ። ማስታወቂያ ያላየ ኩባንያ ነው። ግን ለባክፔጅ ማደግ የተለየ ድጋፍ ሰጥቷል ነው ክሱ። ከሆቴሉ ጋር በአንድ መለኪያ መለካት ጀመሩ ማለት ነው።

ይሄ ሁሉ የአሜሪካ ነገር ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ስልክህን አውጣ እለዋለሁ። በ2019 የቢቢሲ አረብኛ ጋዜጠኞች ኩዌት ውስጥ እንደ ባልና ሚስት ሆነው የቤት ሠራተኛ ፈላጊ መሰሉ። ሠራተኞች በመተግበሪያና በኢንስታግራም እንደ ዕቃ ሲሸጡ አገኙ። በዜግነት ተለይተው፣ ዋጋ ተለጥፎባቸው። ከጊኒ የመጣች የ16 ዓመት ልጅ ቀርባላቸዋለች። ሻጩ አሠሪዋ ነው፤ በከፋላ ሥርዓት ወረቀቷ በእሱ እጅ ስለሆነ ሽያጩን «ለሌላ አሠሪ ማዛወር» ይለዋል። የእህቶቻችን ፓስፖርት ያለው እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነው። አፕል ይህንን ሲያይ ፌስቡክንና ኢንስታግራምን ከመደብሩ ሊያወጣ አስፈራራ፤ ከዚያ ነው ፌስቡክ ማጽዳት የቸኮለው። በ2020 ደግሞ ቤይሩት ውስጥ አንዲት ናይጄሪያዊት በፌስቡክ የሽያጭ ግሩፕ ላይ በ1,000 ዶላር ተለጥፋ ተገኘች። እሷን ለጥፎ የተገኘው ሰው ታሰረ። ግሩፑ የተከፈተው ለዕቃ ሽያጭ ነበር።

አገራችን ሕግ የላትም እንዳይባል አላት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (የአዋጆቹ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) አንቀጽ 16 ላይ ስለ አገልግሎት ሰጪ ይናገራል። ይዘቱን በማሰራጨት ወይም በማረም በቀጥታ የተሳተፈ፣ ሕገወጥ መሆኑን አውቆ ወዲያው ያላስወገደ፣ ተነግሮትም እርምጃ ያልወሰደ በወንጀል ይጠየቃል። ሳነበው ገረመኝ። «በማረም» የምትለዋን ለባክፔጅ ማጣሪያ ብታለብሳት ልኩ ነች። በሰው መነገድ ላይም አዋጅ 1178/2012 አለ፤ ቅጣቱ ከባድ ነው። ችግሩ ማን ላይ ነው የሚሠራው? ዛሬ ደላላው ቴሌግራም ላይ ነው። «ዱባይ፣ ፆታ ሴት፣ ዕድሜ 21-35፣ ፕሮሰስ በእኛ» ብሎ የሚለጥፈው ቻናል ሺህ ተከታይ አለው። ነገ ሲጠየቅ ይጠፋል፤ ከነገ ወዲያ በሌላ ስም ይከፈታል። የቴሌግራም መሥሪያ ቤት ያለው ዱባይ ነው። የአዲስ አበባ ዐቃቤ ሕግ ማንን ይጠራል? ፈረንሳይ በኦገስት 2024 የቴሌግራምን መሥራች ፓቬል ዱሮቭን ከአውሮፕላን ሲወርድ ስትይዘው ብዙ የንግግር ነፃነት ወዳጆች ተቆጡ፤ እኔም ግማሽ ልቤ ተቆጥቶ ነበር። ሌላው ግማሽ የመጥሪያ ደብዳቤ የማይመልስ ኩባንያን በምን ትይዘዋለህ ይላል። መልስ የለኝም።

እኛ ሰዎችም አንዳንዴ ነገሩን እናቀለዋለን። እንዲህ ዓይነት ቻናል ሲላክልን «ለዘመድ ልጅ ይጠቅማል» ብለን ወደ ቤተሰብ ግሩፕ እናሳልፈዋለን። ሥራው እውነት ከሆነ ኤጀንሲው ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ፈቃድ አለው፤ ስሙን ጠይቆ ማጣራት ይቻላል። ስሙን የማይናገር፣ ፓስፖርት በቅድሚያ ላኪ የሚል፣ ፎቶ «ሙሉ ቁመት» የሚል ካለ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ብሔራዊ የሰዎች ዝውውር የስልክ መስመር አለ፤ ቁጥሩ 1-888-373-7888 ነው፣ አስተርጓሚ ያቀርባሉ። እትዬ ይህንን ቁጥር የቤት አያያዝ ጋሪያቸው ላይ በአማርኛ ጽፈው ለጥፈውታል። በጥቁር ፕላስተር።

ከባክፔጅ የተወረሰው ገንዘብ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር በ2025 ከዚያ ገንዘብ ካሳ ማግኘት የሚፈልጉ ተጎጂዎች ያመልክቱ ብሎ ማስታወቂያ አወጣ። ከ2004 እስከ 2018 ባለው ጊዜ በዚያ ድረ ገጽ የተሸጡ ሰዎች ናቸው እንዲያመለክቱ የተጋበዙት። ያኔ 15 የነበረችው ልጅ ዛሬ ሠላሳዎቹ ውስጥ ልትሆን ትችላለች። ፎርም ትሞላለች። ማስታወቂያዋ ላይ የነበረው ዕድሜ 19 ነው፣ ስሟ የሷ አይደለም፣ ፎቶው የትና መቼ እንደተነሣ የሚናገረው መረጃ ደግሞ ያኔውኑ ተፍቋል።